«እግዚአብሔር የለም አልልም፤ ግን አይሰማኝም»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ውድ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 33 ነው። ኮዬ ፈጬ አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቼ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። የምሠራው ሜክሲኮ አካባቢ ነው፤ ሒሳብ ክፍል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት እነሳለሁ። እናቴን ስትሮክ መትቷት ግራ ጎኗ አይታዘዝላትም። ፎጣውን በሙቅ ውኃ ነክሬ፣ መጀመሪያ በክንዴ ለክቼ፣ ፊቷንና ጀርባዋን አጥባታለሁ። ቁርሷን አብልቼ 12 ሰዓት ላይ የታክሲ ሰልፍ እይዛለሁ። ማታ ስገባ 2 ሰዓት ይሆናል። ውኃ በፈረቃ ነው። ሌሊት ሲመጣ እኔ ደክሞኝ ከተኛሁ ጎረቤቴ ደጅ ያስቀመጥኩትን ጀሪካን ባትሞላልኝ ሳንታጠብ የምንውልበት ቀን ይበዛ ነበር። ቀን ቀንም እናቴን ብቅ እያለች የምታይልኝ እሷው ናት። በቃ፣ ቀኔ እንዲህ ያልቃል።

ልጅ ሆኜ ሰንበት ትምህርት ቤት ነበርኩ። መዝሙር ስንዘምር እንባዬ ይመጣ ነበር። አሁን ቅዳሴ ቆሜ ስለ ቤት ኪራይ አስባለሁ። ባለፈው የኪዳነ ምሕረት ዕለት እንጦጦ ወጥቼ ጸበል ተጠመቅሁ። የሆነ ነገር ይሰማኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ከብርዱ በቀር ምንም አልተሰማኝም። እግዚአብሔር የለም አልልም። ግን አይሰማኝም።

ጓደኞቼ ደግሞ ሁሉም ራእይ አላቸው። አንዷ የራሷን ሥራ ከፍታለች። አንዷ በጎ አድራጎት ላይ ነች። መሥሪያ ቤት ሥልጠና በሰጡን ቁጥር «ዓላማችሁን ፈልጉ» ይሉናል። እኔ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። እምነቴ ጠፍቶ ነው? የተፈጠርኩትስ ታክሲ ለመሰለፍና ጀሪካን ለመሸከም ነው?

ስሜ ይቆይ፤ ከኮዬ ፈጬ

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሩቅ አይደለሁም፤ እኔም ቱሉ ዲምቱ ነው የምኖረው። ያንን ሰልፍ አውቀዋለሁ። የ12 ሰዓቱንም ብርድ አውቀዋለሁ።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ አዋላጅ ነርስ ነበርኩ። ስለዚህ ከነፍስሽ በፊት ስለ ሥጋሽ ብጠይቅሽ አትቀየሚኝ። አልጋ ላይ ስትወጪ እንቅልፍ ይወስድሻል? ወይስ ዓይንሽን ጨፍነሽ ይነጋል? ምግብ ይጥምሻል? በማግስቱ ባልነቃሁ ብለሽ ታውቂያለሽ? እንዲህ ያለው ነገር ለሳምንታት አልለቅ ካለሽ ጤና ጣቢያ ሂጂና ሁሉንም ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ካስፈለገ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይልኩሻል። አማኑኤል ሲባል የሚደነግጥ ብዙ ሰው አለ። አትደንግጪ። ባልነቃሁ የሚለው ሐሳብ ካለብሽ ደግሞ ሳምንት አትቁጠሪ፤ ነገ ዛሬ ሳትዪ ሂጂ፤ ማታውኑ ለጎረቤትሽ ንገሪያት። የንስሐ አባትሽንም አማክሪ፤ ሐኪምሽንም ስሚ። አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

ይህን ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ነቢዩ ኤልያስን አስቢው። በቀርሜሎስ ተራራ ሕዝብ ሁሉ እያየ እሳት ከሰማይ ያወረደ ሰው ነው። ከዚያ ድል ማግስት ኤልዛቤል ብትዝትበት በረሃ ገባ። ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል» ብሎ ሞቱን ለመነ። እግዚአብሔር አልተቆጣውም። «ትናንት ያን ሁሉ አይተህ እምነትህ የት ሄደ?» አላለውም። መልአክ ላከለት። መልአኩ የቀሰቀሰው ለስብከት አልነበረም። እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አጠገቡ ተቀምጦለት ነበር። ኤልያስ በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጣና መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ተነሥቶ እንዲበላ ነገረው። ነቢዩ በዚያ ምግብ ጉልበት 40 ቀንና 40 ሌሊት ሄዶ ኮሬብ ደረሰ። እዚያ ታላቅ ነፋስ መጣ፤ የምድር መናወጥ ሆነ፤ እሳትም ሆነ። እግዚአብሔር በሦስቱም ውስጥ አልነበረም። ከእሳቱ በኋላ «ትንሽ የዝምታ ድምፅ» ሆነ ይላል። መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 ላይ ታገኚዋለሽ። ማታ ከእናትሽ ጋር አንብቢው።

ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው ያችን የመጨረሻዋን ድምፅ ነው። እኔ ግን ነርስ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ልቤ እንጎቻው ላይ ይቀራል። ለደከመ ሰው መጀመሪያ ምግብና እንቅልፍ ተሰጠው። ትምህርቱ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው።

አሁን ወደ ደብዳቤሽ ልመለስ። አንድ ነገር ጽፈሽ አልፈሽዋል። «ፎጣውን በሙቅ ውኃ ነክሬ፣ መጀመሪያ በክንዴ ለክቼ።» ከ10 ሰዓት መነሳትና ከታክሲ ሰልፍ መሐል ነው ያስቀመጥሽው፤ እንደ አንድ የድካም ዓይነት። እኔ እዚያ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ሥራ ስጀምር አንዲት አንጋፋ ሲስተር አብረውኝ ይሠሩ ነበር። ማዋለጃ ክፍሉ ሌሊት ሌሊት ይበርዳል፤ ማሞቂያ የሚባል ነገር የለም። እኚህ ሲስተር ምጥ የያዛትን ሴት ሆድ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ያሞቁ ነበር። ሁልጊዜ። ሰው በበዛበት ሌሊትም አይተውትም። የልጁን የልብ ትርታ የምናዳምጥባትን ቀንድ መሳይ መሣሪያ እንኳ በመዳፋቸው አሻሽተው ነው ሆድ ላይ የሚያሳርፏት። ማንም አላዘዛቸውም። በሪፖርት አይጻፍም። ደመወዝ አይጨመርበትም።

አንድ ሌሊት በገላን በኩል በጋሪ የመጣች ልጅ እግር ሴት ነበረች። የመጀመሪያ ልጇ ነው። አማርኛ አትችልም፤ በዚያ ተራ የነበርነው ደግሞ ኦሮምኛ አንችልም። ሰውነቷ በሙሉ ደንዝዟል፤ ከምጡ ይልቅ ፍርሃቱ ነው የያዛት። ሲስተር እጃቸውን አሙቀው ወገቧ ላይ አሳረፉ። ዝም ብለው ያዟት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ትንፋሿ ሲለወጥ ሰማሁት። ሰማሁት ነው የምልሽ። ሊነጋጋ ሲል ወለደች። እኛ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልናት፤ እሷ በቋንቋዋ መለሰችልን። የተባባልነው ግን ገባን።

ብዙ ተአምር የሚባል ነገር ሰምቻለሁ። በሕይወቴ እግዚአብሔር ቅርብ ነው ብዬ ያለ ጥርጥር ያመንኩባት ሌሊት ግን ያቺ ናት። ከዚያ ወዲህ እጄን ሳሞቅ «ጌታ ሆይ፣ ከእኔ በፊት አንተ ንካት» እላለሁ። ጸሎቴ ቤተ ክርስቲያን ተጀመረ፤ ያደገው ግን እዚያ ማዋለጃ ክፍል ነው።

አንቺ ደግሞ በየሌሊቱ ክንድሽ ላይ ፎጣ ትለኪያለሽ። እናትሽ ቃጠሎውን ቶሎ የማታውቅበት ጎን ስላላት አንቺ ስለ እሷ ታውቂላታለሽ። ይህን ስታደርጊ እንባ አልመጣም፤ እውነት ነው። ልጅ ሆነሽ በመዝሙር ያለቀስሽው እንባ ጥሩ እንባ ነበር፤ አልንቀውም። ግን በእንባው መጠን እምነትሽን አትለኪ። በእንቅልፍ ሰዓትሽ ተነስተሽ የምታደርጊው ነገር ከእንባው ያነሰ ማስረጃ አይደለም።

የጎረቤትሽንም ነገር እንዲሁ ጽፈሽ አልፈሻል። ሌሊት ተነስታ የሰው ጀሪካን የምትሞላ ሴት! እኔ እዚህ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ የውኃን ነገር አውቃለሁ። ቧንቧው ፊሽ ሲል ከእንቅልፍ መንቃት፣ በጨለማ ማንቆርቆር፣ የራስን ሞልቶ ደግሞ የሌላውን መጀመር ቀላል አይደለም። አንቺ «አይሰማኝም» ስትዪ እሷ በርሽ ላይ ውኃ እየቀዳች ነበር። ለኤልያስም በማሰሮ ውኃ ነው የተቀመጠለት።

ስለ ዓላማ ደግሞ በግልጽ የማስበውን ልንገርሽ። በየሥልጠናው «ራእይ፣ ራእይ» የሚባለው ነገር ብዙ ሰው ያበረታ ይሆናል። ደክሞት ለመጣ ሰው ግን ተጨማሪ ዕዳ ነው። የሆነ ቦታ የተደበቀ ትልቅ ነገር አለ፤ ያላገኘሽው ስለሰነፍሽ ነው የሚል ይመስላል። ትልቅ ሥራ የሠሩ ሰዎችን ታሪክ ስሰማ እንደዚያ ሆኖ አላገኘሁትም።

ክብርት ዶክተር አበበች ጎበናን አስታውሺ። በ2013 ነው ያረፉት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወሎ በድርቅ በተጎዳችበት ጊዜ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄዱ። ድርጅት ሊያቋቁሙ አልነበረም የሄዱት። እንደ አንቺ ሊሳለሙ ነው። መንገድ ላይ የሞተች እናቱን ጡት የሚፈልግ ሕፃን አዩ። በእጃቸው የነበረው ዳቦና ጸበል ብቻ ነው። ለተራቡት የያዙትን አካፈሉ፤ ሁለት ልጆች ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። በዓመቱ ውስጥ የሰበሰቧቸው ልጆች 21 ደረሱ። ትዳራቸው በዚህ የተነሳ ፈረሰ፤ እሳቸው ልጆቹን አልተዉም። ከዚያ በኋላ የመጣውን ትልቁን ሥራ አገር ያውቀዋል።

ይህን የነገርኩሽ እንደ እሳቸው ሁኚ ለማለት አይደለም፤ አንቺ በቂ ተሸክመሻል። ያየሁት ነገር አንድ ነው። የጀመሩት አጠገባቸው ከነበረው ነው፤ የሰጡትም እጃቸው ላይ የነበረውን ነው። አንቺ ዘንድ ያለችው እናትሽ ናት። ነገ ሌላ በር ይከፈት ይሆናል። ዛሬ ግን ያለ ዓላማ የቆምሽ ሰው አይደለሽም።

ቅዳሴ ላይ ሐሳብሽ ስለሚበታተነውም ልበልሽ። አባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያናችን ጥር 22 ታስባቸዋለች። የመነኮሳት አባት ናቸው። እሳቸውም በግብፅ በረሃ ልባቸው ዝሎ፣ ሐሳባቸው ተበታትኖ ያውቃል። «መዳን እፈልጋለሁ፤ ሐሳቤ ግን አልተወኝም፤ ምን ላድርግ?» ብለው ጮኹ። ወጣ ሲሉ እሳቸውን የሚመስል ሰው ተቀምጦ ሰሌን ሲታታ አዩ። ሰውየው ተነሥቶ ይጸልያል። ደግሞ ቁጭ ብሎ ይታታል። ደግሞ ይነሣል። መልአክ ነበር። እንዲህ ካደረግህ ትድናለህ አላቸው። በረሃ ድረስ የመጣው መልአክ ያሳያቸው ይህንኑ ነው፤ የእጅ ሥራና ጸሎት፣ በየተራ።

እንግዲህ ምን ላድርግ ካልሽኝ፣ ቀንሽ ላይ አዲስ ነገር ጭኜ አላስጨንቅሽም። ካለሽ ነገር ውስጥ እንሂድ። እናትሽን ስታጥቢ ፎጣውን በጨመቅሽ ቁጥር «እግዚኦ ተሣሃለነ» በዪ። ይበቃል። ሰልፍ ላይ ስትቆሚ ደግሞ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ከቻልሽ በቃልሽ፣ ካልቻልሽ አንዷን አንቀጽ። ለየቀኑ ድርሻው ተለይቶ ስለተሠራ ሁሉንም ልጨርስ ብለሽ አትጨነቂ። ሐሳብሽ ወደ ኪራይ ከሄደ ኪራዩንም ጨምረሽ ንገሪው። የሚደበቅ ነገር የለም።

አንዳንድ ቀን ደግሞ ጸሎቱንም ተዪና ዝም ብለሽ እዪ። እኛ ከተማው ዳር የምንኖር ሰዎች ያለን አንድ ሀብት ይህ ነው። ከብሎኮቹ ማዶ አሁን በኅዳር ጤፍ እየታጨደ ነው። ጠዋት ጭጋጉ ሲነሳ ገበሬዎቹ ጎንበስ ብለው ታያቸዋለሽ። በቤተ ክርስቲያናችን ጸሎት ስለ ዝናም፣ ስለ ወንዞች ውኃና ስለ ምድር ፍሬ ይለመናል። መሐል ከተማ ሳለሁ ሰምቼ አልፈው ነበር። እዚህ መጥቼ በሐምሌ ጭቃ ጤፍ የሚዘራ ሰው ካየሁ ወዲህ ግን «አሜን» ስል ለማን እንደምለው አውቃለሁ።

ለእናትሽም ሥራ ስጫት። ይህን አጥብቄ ነው የምነግርሽ። ቀኝ እጇ ደህና ከሆነ ምስር ትልቀም፣ ቡና ትልቀም። አጠገቧ ሰፌድ አስቀምጪላት። ቀስ ብላ ትሥራው፤ ቢቀርም ይቅር። ለአንቺ የሆነ ነገር ማድረግ ትፈልጋለች፤ እናት ናት። ማታ ስትገቢ የለቀመችውን ስትቀበያት «ተባረኪ» ትልሻለች። ያን ጊዜ ቶሎ ብለሽ ወደ ወጥ ቤት አትሂጂ። ጎንበስ በዪና ምርቃቱን ተቀበዪ።

አንቺን የሚከብድሽ መቀበል ይመስለኛል። እሑድ ከሰዓት ያቺን ጎረቤትሽን «እስኪ ሁለት ሰዓት ከእናቴ ጋር ቁጭ በዪልኝ» በያት። ትስቅብሻለች ብለሽ አትፍሪ። ሰው ሲለምኑት ደስ የሚለው ጊዜ አለ። ወጥተሽ ወዳጅሽ ጋ ቡና ጠጪ፣ ወይ ዝም ብለሽ ተራመጂ። ለእሷ ደግሞ ቅዳሜ አንድ ስኒ ቡና አፍዪላት፤ ለጀሪካኑ «እግዜር ይስጥልኝ» በያት። በቃል ተናግረሽው ታውቂያለሽ? በደብዳቤሽ ላይ አላየሁትም።

እንጦጦ ብርዱ ብቻ ተሰማኝ ያልሽውም አይጥፋሽ። ሄደሻል። ከኮዬ ፈጬ እንጦጦ ድረስ፣ ያውም በእረፍት ቀንሽ። ደርቋል ያልሽው እምነት ነው ተራራ ያስወጣሽ። ከጥቂት ወር በኋላ ጻፊልኝ። የእናትሽንም ጤና ንገሪኝ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ሰላም ለርስዎ ይሁን። ሹፌር ነኝ፤ የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጅነቴ መርካቶ አካባቢ ብዙ ቤተሰብ በሚኖርበት ግቢ ነው ያለፈው። እዚህ ደረጃ ላይ ለሰው ሁሉ ሰላምታ እሰጣለሁ፤ የሚመልስልኝ ጥቂት ነው። ሙስሊም ስለሆንኩ ይሆን ብዬ አስቤ ነበር፤ ግን እነሱም እርስ በርሳቸው አይነጋገሩም። አንዳንዴ ልቤ ይሰበራል። ልተወው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትተወው።

የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ ሙስሊም ናት፤ ብዙ ነገር ከእሷ ተምሬያለሁ። ነቢዩ ሙሐመድ በወንድምህ ፊት ፈገግ ማለትህ ሰደቃ ነው ማለታቸውን የነገረችኝ እሷ ናት። ሰላምታ መጀመር ሱና፣ መመለስ ደግሞ ግዴታ እንደሆነ አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። የአንተን ድርሻ አንተ እየተወጣህ ነው።

ሰዎቹን ደግሞ ክፉ አታድርጋቸው። ግቢ ውስጥ ሳለን በር አይዘጋም ነበር፤ ውኃው አንድ፣ ልብስ ማስጫው አንድ፣ ሰው ሳይፈልግም ይተያያል። እዚህ የብረት በር አለ፤ ሁሉም መሽቶበት ደክሞት ይገባል። ብዙው ሰው ንቆህ ሳይሆን ከየት እንደሚጀምር ጠፍቶት ነው። እኔ ቱሉ ዲምቱ ስገባም እንደዚያ ነበር። የተለወጠው በአንድ ለቅሶ ነው። ኮሚናል በምንለው የጋራ መገልገያ ድንኳን ተጥሎ፣ ወንበር ስናወጣና ሽንኩርት ስንከትፍ ስም ለስም ተዋወቅን። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ዝም ብሎ የሚያልፍ የለም።

ለቅሶ እስኪመጣ ግን አትጠብቅ። ከልጆቹ ጀምር፤ ስማቸውን ያዝ። ልጁን በስሙ የጠራህለት አባት ዝም ብሎ አያልፍህም። ያቺ ጎረቤቴ እዚያው ሐዲስ ላይ ከመንገድ የሚጎዳ ነገር ማንሳትም ሰደቃ ተብሎ እንደተቆጠረ ነግራኛለች። ደረጃችሁ ማታ ማታ ይጨልማል? አሮጊቶች እየዳበሱ ይወጣሉ? እንግዲያው አንድ አምፖል ግዛ። ስትሰቅለው ከፎቁ አንዱን ሰው «እስኪ ወንበሯን ያዝልኝ» ብለህ ጥራው። ከመግዛትህ በፊት ግን የብሎኩን ኮሚቴ ጠይቅ፤ የደረጃው መስመር ራሱ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል።